«ነገ ይመጣል»

ወይዘሪት ዋልቡርጋ ኬስትለር የመጀመሪያዋን ምስል ከእኔ የገዙት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በአሥራ አራተኛው ዓመት፣ በጥቅምት ወር ነው። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ሞቶ የአሮጌ ዕቃ ሱቁን ከተረከብኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። እሳቸው የፖስታ ቤታችን ጸሐፊ ነበሩ። በካልተንግሩን የማን ልጅ ከየት እንደሚጽፍ፣ ማንስ መጻፍ እንዳቆመ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን አንዲት ነገር ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው ባል ስላላገቡ ሰው ሁሉ «ወይዘሪት» ይላቸዋል። አንዳንዱ ቃሏን ረገጥ አድርጎ ነበር የሚላት።

ከተማችን እንጀራዋ ፖርሴሊን ነው። ጫካው ግርጌ ያለው ፋብሪካ ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ሳህንና ስኒ ሲሠራ ጎን ለጎን የሚያስቁ ትንንሽ ምስሎችም ያወጣ ነበር። ካባ ለብሰው ቫዮሊን የሚመቱ ጦጣዎች፣ ገበሬውን ደረቱ ላይ ረግጦ ጥርሱን የሚነቅል ሐኪም፣ ኮረዳ በስንዴ ነዶ ደብቆ ወደ ገዳሙ የሚሸከም መነኩሴ፣ ሚስቱ በመጥረጊያ የምታሳድደው ሰካራም። ምርጦቹ የመኳንንት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ርካሾቹ ደግሞ በየዓመቱ የቤተ ክርስቲያን በዓል ገበያ ላይ ዒላማ ለመታ ጎረምሳ ሽልማት ይሆናሉ። ወይዘሪት ዋልቡርጋ የሚፈልጉት ከርካሾቹ አንዷን ብቻ ነበር።

ቁመቷ ስንዝር አይሞላም። ሆዷ የገፋ ሴት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ካልሲ ትሠራለች። ጉንጮቿ ክብ ናቸው፤ አፏን ከፍታ የሞኝ ሳቅ ትስቃለች። ከጀርባዋ አንድ ወታደር ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይሸሻል። ከሥር በወርቅ ቀለም «ነገ ይመጣል» ተብሎ ተጽፏል። ልጅ ሆኜ እኔም ስቄባታለሁ። በከተማው ያልሳቀባት ያለ አይመስለኝም።

ያን ቀን ወይዘሪት ዋልቡርጋ ምስሏን አነሱና ፊቷን እንኳ ሳያዩ ገለበጧት። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው ከሥሯ ያለውን ምልክት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሦስት ማርክ አልኳቸው፤ ከፈሉ፤ በመሐረባቸው ጠቀለሏት።

«ሌላ ካገኘህ መስኮት ላይ አታውጣት፤ ለእኔ አስቀምጥልኝ» አሉኝ።

እኔም አስቀመጥኩላቸው። በዓመት ሁለት፣ አንዳንዴም አራት አገኝ ነበር። ቆየት ብሎ ትንሿን የጭነት መኪና ስገዛ እሑድ እሑድ አብረውኝ ወደ ባምበርግ፣ ወደ ባይሮይት፣ አንዳንዴም እስከ ኑረምበርግ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይሄዱ ጀመር። ጥቁር ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ጦጣዎቹንም መነኩሴውንም ዞር ብለው አያዩም። ጠረጴዛዎቹን በዓይናቸው ጠርገው ያልፋሉ፤ ያቺን ሲያዩ ብቻ ቆም ብለው ይገለብጧታል። እኔ እንደ ማንኛውም ሰብሳቢ የፋብሪካውን ማኅተም የሚያጣሩ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምናገረው ደስ አይለኝም፤ ግን ከተናገርኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር። ምስሏን ባገኘሁ ቁጥር ወይዘሪቷ እንደሚገዙኝ ስለማውቅ ዋጋዋን ከፍ አደረግኩባቸው። ሦስት ማርኳ ስምንት ሆነች፤ ስምንቷ ሃያ። ተከራክረውኝ አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ገንዘቡን ቆጥረው እየሰጡኝ፣ «ኮንራድ፣ ውድ የሆነችው እኔ ስለምፈልጋት መሆኑን አውቃለሁ። አባትህም እንዲሁ ነበር» አሉኝ። አነጋገራቸው ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስል ነበር። እኔም ገንዘቡን ተቀበልኩ።

እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ። አንድ እሑድ ከባምበርግ ስንመለስ ዝናቡ መንገዱን ስለከለከለን መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት ገባን። ቋሊማና የድንች ድቡልቡል አዘዝን፤ እሳቸው ግማሽ ቢራ ጠጡ። ያን ቀን ሁለት ምስል ስላገኘን ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ ቀልድ፣ «ወይዘሪት ዋልቡርጋ፣ አሁንስ ቤትዎ ያሉት ሴቶች ሻለቃ ጦር ሊሆኑ ነው። ያ ወታደር ተመልሶ ቢመጣ የትኛዋን ሊያገባ ነው?» አልኳቸው።

ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ይቺ ሴት እናቴ ናት» አሉኝ።

ከዚያ የሰማሁትን በአጭሩ ልናገር፤ እሳቸውም የነገሩኝ በአጭሩ ነው። እናታቸው ኦቲሊ ኬስትለር የፋብሪካው ሠዓሊ ነበረች። ፊት በመሣል የሚወዳደራት አልነበረም። በዚያው ፋብሪካ የምስሎቹን ቅርጽ የሚሠራ አዳም ራውሽ የሚባል ሰው ሊያገባት ፈለገ። ጥያቄውን ያቀረበላት በበዓል ጭፈራ ላይ በሰው ፊት ነበርና እሷም በሰው ፊት እምቢ አለችው። በዓመቱ ለልምምድ ከመጣ ጦር መካከል ከአንድ ወታደር ጋር ተዋወቀች። ጦሩ ሲሄድ እሱም ሄደ፤ አልጻፈላትም። ሆዷ መግፋት ሲጀምር አዳም ራውሽ ሦስት ሳምንት ክፍሉን ዘግቶ ሠራና ያቺን ምስል ይዞ ወጣ። ጉንጯ፣ የፀጉሯ አሠራር፣ ስትቀመጥ ትከሻዋን የምትሰብረው ሁሉ የኦቲሊ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት እንባው እስኪወርድ ስቆ በብዛት እንዲሠራ አዘዘ።

ባል የሌላት አራስ ሥራዋን ያላጣችው በምሕረት መሆኑን በየቀኑ ይነግሯታል። የሠዓሊዎቹ አለቃ ምስሏን የሚቀቡ ሰዎች ሲመድብ ከሁሉ በፊት ለኦቲሊ ሰጣት፤ ፊት እንደ እሷ የሚሠራ የለማ። የሚከፈላት በቁጥር ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እስኪጀምር ድረስ ስምንት ዓመት ሙሉ የራሷን መዋረጃ ስትቀባ ኖረች።

«ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ምሳዋን የማደርስላት እኔ ነበርኩ» አሉኝ ወይዘሪት ዋልቡርጋ። «አንድ ቀን ገባሁ። ጣውላ ላይ አርባ እናቶች ተደርድረው አየሁ። ዓይን የላቸውም። እናቴ አንድ በአንድ እያነሳች ዓይን ታበጅላቸዋለች። እኔን ስታይ ብሩሹን አላቆመችም። ምሳውን እዚያ አስቀምጪና ሂጂ አለችኝ።»

ትምህርት ቤት ልጆቹ እሳቸውን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ «ነገ» ነበር የሚሏቸው። መምህሩ የቤት ሥራ ማን እንዳልሠራ ሲጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ነገ ይመጣል!» ይላል፤ መምህሩም ይስቃል። አንድ ጊዜ ሊያገባቸው የጠየቀ አናጺ ነበር። ወይዘሪቷ በአናጺው እናት ሳሎን መደርደሪያ ላይ ምስሏን ተቀምጣ አገኟት። ከቡናው በፊት ተነሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ታዲያ ምስሎቹን ገዝተው ምን ያደርጓቸዋል ብዬ ጠየቅኋቸው።

እንደነገሩኝ የሠዓሊ ቁጥር ከሥር በቀይ ቀለም ይጻፋል። የእናታቸው ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ሌሎች ሠዓሊዎችም ያቺን ምስል ይቀቡ ስለነበር፣ አሥራ ሰባት የሌለባትን ወደ ልብስ ማጠቢያው ቤት ወስደው በመዶሻ ያደቅቋታል። አሥራ ሰባት ያለባትን ግን መስበር አልቻሉም። ኦቲሊ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም ነበር። ከሞተች ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗታል፤ በዓለም ላይ የቀረው ፊቷ ራሷ የሣለችው ብቻ ነው።

ከዚያ ያን ቀን የገዛናቸውን ሁለቱን ምስሎች ከቦርሳቸው አውጥተው ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አቆሟቸው። «አፏን እይ» አሉኝ።

አየሁ። አንደኛዋ እንደማውቃት አፏን ከፍታ ትስቃለች። ሁለተኛዋ ከንፈሯ ገጥሟል። ቀጭን መስመር ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያላደረገ ሰው አያውቀውም። አለቃው ስምንት ዓመት ሳያውቅባት ኖረ። ኦቲሊ የሣለቻት ሴት አትስቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሏን በገዛሁበት ዋጋ ሰጠኋቸው። በፊት የወሰድኩባቸውን ግን አልመለስኩም፤ እሳቸውም አላነሱት።

ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም ከሙኒክ መጣ። ዶክተር ፎልክማር ሃይንላይን ይባላል። ደስ የሚል፣ ሰው የሚያከብር፣ እጁ ለስላሳ ሰው ነበር። የሚሰበስበው የፌዝ ምስሎችን ብቻ ነው፤ ከአራት መቶ በላይ አለው። ጥርስ ነቃዩ ብቻ በሰባት ዓይነት አለው፤ ለበሽተኞቹ እንደሚያሳያቸውና እንደሚስቁ ነገረኝ። በድሮ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ «ነገ ይመጣል» የምትባል ምስል በሺዎች እንደተሠራች አንብቧል፤ ነገር ግን አሥር ዓመት ሲፈልጋት አንድ እንኳ አላገኘም። እንዴት በዚህ ሁሉ አገር አንድ አትገኝም አለኝ።

ከሱቄ በላይ ያለው ምግብ ቤት ወስዶ ቢራ ጋበዘኝ። ጥያቄ ሲጠይቅ ፊቱን ወደ ሰው ያቀርባል፤ የሚሉትን ሁሉ እንደ ትልቅ ነገር ይሰማል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አሮጌ ወንበር ስሸጥ እንደዚያ የሰማኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነገርኩት። የወይዘሪቷን ስም፣ ቁጥሩን፣ አፉን፣ መዶሻውን፣ ሁሉንም። ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ይግቡልኝ» አልኩት። እጄን ጨብጦ፣ «አቶ ዛይትለር፣ ይህ እኮ የሰው ሕይወት ነው» አለኝ። ቃል መግባቱ ነው ብዬ ተቀበልኩት። አሁን ሳስበው ቃል አልገባም።

በቀጣዩ ፀደይ በሰብሳቢዎች መጽሔት ላይ አራት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ከአንድ የሐምቡርግ ሰው የተዋሳትን ምስል በትልቁ በፎቶ አውጥቷታል። የወይዘሪቷም የእናታቸውም ስም በሙሉ አለ፤ ካልተንግሩንም አለች። የሠዓሊዋ ቁጥር አሥራ ሰባት ከሆነ ምስሏ በጣም ብርቅ ናት ይላል። ወር ሳይሞላ የሩቅ ከተማ ታርጋ ያላቸው መኪኖች መንደር ለመንደር ይዞሩ፣ የአሮጊቶችን በር ያንኳኩ ጀመር። ሦስት ማርክ የነበረችው ሦስት መቶ ገባች። ወይዘሪት ዋልቡርጋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በጡረታቸው አንዷንም ሊገዙ አይችሉም። ይባስ ብሎ በየቤቱ ሣጥን ሥር የተረሱት ሁሉ ወጥተው፣ ተጠርገው፣ እንደገና መስኮት ላይ ቆሙ።

ወይዘሪቷ መጽሔቱን ይዘው ወደ ሱቄ መጡ። አልተቀመጡም።

«ስንት ሰጠህ?» አሉኝ።

«ምንም አልሰጠኝም።»

«ምንም?»

«ቢራ ጋበዘኝ።»

መጽሔቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። «በገንዘብ ብትሸጠኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝና ወጡ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳሉ። ከሰላምታ ያለፈ ግን ምንም አላሉኝም።

በሦስተኛው ዓመት ፋብሪካው ትልቅ በዓል አከበረ። አዲስ ወጣት ሥራ አስኪያጅ ተሹሞ ነበር፤ መጽሔቱንም አንብቧል። ጣሪያ ሥር ካሉት የድሮ ቅርጽ ማውጫዎች መካከል የአዳም ራውሽን አስፈልጎ አስገኘና «ነገ ይመጣል» ዳግመኛ እንድትሠራ አደረገ። ወይዘሪት ዋልቡርጋን በክብር እንግድነት ጠሯቸው። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም፤ መጡ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ያንኑ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ዶክተር ሃይንላይን አጠገባቸው ነበር፤ ወንበር የሳበላቸውም እሱ ነው። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ አወጣቸውና የመጀመሪያዋን ምስል ሰጣቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ወይዘሪት ዋልቡርጋ እንደ ልማዳቸው ገለበጧት። ከሥሯ የፋብሪካው ስም ብቻ ታትሟል፤ የሠዓሊ ቁጥር የለም። ፊቷም በእጅ የተሣለ ሳይሆን ታትሞ የተለጠፈ ነው። መልሰው አቆሟትና ትንሽ አዩዋት።

«አፏ ክፍት ነው» አሉ። «እናቴ ዘግታው ነበር።»

ድምፃቸው ትንሽ ነበር፤ ግን ማጉያው ፊታቸው ስለሆነ ሁሉም ሰማ። ሥራ አስኪያጁ ቀልድ መሰለው። ወደ ማጉያው ጠጋ ብሎ፣ «ሰማችሁ እናንተ ባሎች፣ ወይዘሪት ኬስትለር ሴት አፏን ብትዘጋ ይሻላል እያሉ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩም ሳቀ፤ ነገሩን የሚያውቀው ዶክተር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን ምንም አላልኩም። ሁለት መቶ ሰው መካከል «ቀልድ አይደለም» ማለት ይቻል ነበር። አራት ቃል አይሞላም።

ምስሏን ይጥሏታል ብዬ ጠበቅኩ። አልጣሏትም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው አስቀመጧት፤ የመድረኩን ደረጃ ግድግዳውን እየደገፉ ወረዱና በመካከል መተላለፊያው ወጡ። ሰው ሽንት ቤት የሚሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

«ቤትዎ ላድርስዎ፤ መኪናዬ እዚህ ነው» አልኳቸው።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ምሳ ሳመላልስበት ነው ያደግኩት።»

በሁለተኛው ክረምት በሳንባ ምች ሞቱ። ቀብራቸው ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ወራሻቸው የአጎታቸው የልጅ ልጅ ነው፤ ኑረምበርግ መኪና የሚሸጥ፣ በዕድሜው ሁለት ጊዜ ያያቸው ሰው። የቤቱን ዕቃ እንድገምትለት ጠራኝ። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ከአልጋቸው ትይዩ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን አለ። ሲከፍተው ሠላሳ ስምንት ኦቲሊዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ትራሱ አዙረዋል። አንዲት ብናኝ አቧራ አልነበረባቸውም። የወታደሩን ነገር ያየሁት ቆይቼ ነው። ከሠላሳ ስምንቱም ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ በጥንቃቄ ተሞርዶ ተነሥቷል።

ለወራሹ ዋሸሁት። ወታደሩ የተሰበረ ምስል ዋጋ የለውም፤ ስጠኝና እኔ እጥለዋለሁ አልኩት። ሐሳቤ ከሳቸው መቃብር ሥር ልቀብራቸው ነበር። እውነቴን ነው፤ የሚያምነኝ ሰው ግን የለም። እሱም አላመነኝም። ሳቅ ብሎ፣ «አቶ ዛይትለር፣ እኔም መጽሔት ማንበብ እችላለሁ። የጻፈውም ሰውዬ ደውሎልኛል» አለኝ። ሊያታልለው የመጣ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አድርጎ ነው ያየኝ። ያለ ምክንያት ነው አልልም። ዶክተር ሃይንላይን በዚያው ሳምንት መጥቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገዛቸው።

ዶክተሩም ሞተ፤ ስብስቡን በሙሉ ለአንድ ሙዚየም አወረሰ። ሠላሳ ስምንቱ አሁን በጦጣዎቹና በጥርስ ነቃዮቹ መካከል በመስተዋት ውስጥ በሦስት ረድፍ ቆመዋል። ከጎናቸው የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ሠዓሊዋ ኦቲሊ ኬስትለር ቀልድ ወዳድ እንደነበረችና ቅርጽ ሠሪው እንዲቀርጻት ራሷ በደስታ እንደተቀመጠችለት ይናገራል። ልጇ ዋልቡርጋም የእናቷን ቀልድ በመውደድ ዕድሜ ልኳን ምስሎቹን ሰበሰበች ይላል። ወታደሩ የጠፋው በአያያዝ ጉድለት ነው ይላል።

ለሙዚየሙ ሰዎች ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው። ጽሑፉ ስሕተት መሆኑን፣ ሴትየዋ እንዳልሳቀች፣ ወታደሩን በሞረድ ያነሡት ልጇ መሆናቸውን ገለጽኩ። ሁለት ጊዜ አመሰገኑኝ፤ በሚቀጥለው እድሳት እንደሚያስቡበት ነገሩኝ። በሦስተኛው ላይ አንዲት ትሁት ሴት፣ ሙዚየሙ የሚሠራው በማስረጃ እንደሆነ፣ የያዙትም የዶክተር ሃይንላይንን የእጅ ማስታወሻ እንደሆነ ጽፋ፣ እርስዎ ይህን ከማን ሰሙት፣ ከታሪኩስ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቅጽም አብራ ልካለች። ዝምድና፣ ሥራ፣ መረጃው የተገኘበት መንገድ የሚል ባዶ ቦታ አለው።

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ከሦስቱ ደብዳቤዎች በአንዱም ላይ ታሪኩን ለዶክተሩ የነገርኩት እኔ መሆኔን አልጻፍኩም። ቅጹን ካገኘሁ አራት ወር ሆነኝ፤ እስካሁን አልሞላሁትም።